ትርፍ የሌለው ትርፍ

እስቲ ገለል በሉ፣ ቦታ ስጡኝ። ዳር የቆማችሁ ደግሞ ጠጋ በሉ፤ ዳኝነቱ የእናንተ ነው። ዛሬ የምገጥመው ሰው ጉሮሮው ሰፊ ነው። ስሙን አይባክን ብዬዋለሁ። አሜሪካ ከቦምብ የተረፈ ፕሉቶኒየም ቆልላ ተቀምጣለች ሲባል የሰማ ዕለት ብድግ ብሎ፣ «ኧረ እንዳይባክን! ነዳጅ እኮ ነው! የኑክሌር ማብላያ ውስጥ ይግባና መብራት ይሁን! እሱን መቅበር ወርቅ መቅበር ነው!» ይላል። ትናንትም ይህንኑ ብሏል። ነገም ይህንኑ ይላል።

ጨረስክ አይባክን? እንግዲህ ተራው የእኔ ነው። ዓመቶቹን የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ኋላ በቁጥር እንዳንጣላ።

መጀመሪያ «ትርፍ» የተባለውን እንይ። ተረፋቸው እንጂ አላተረፉም! በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ያለ ልክ አምርተው፣ ጦርነቱ ሲያልቅ እጃቸው ላይ የቀረ ነው። በ2000 አሜሪካና ሩሲያ ተፈራረሙ። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 34 ቶን ለቦምብ የተዘጋጀ ፕሉቶኒየም ዳግም ቦምብ እንዳይሆን አድርገው ሊያስወግዱ ቃል ገቡ። ናጋሳኪን ያወደመው ቦምብ የያዘው ፕሉቶኒየም 6 ኪሎ ገደማ ነበር። 34 ቶንን በ6 ኪሎ አካፍልና ውጤቱን ጮክ ብለህ ንገረን። አፍረህ ነው? እኔ ልናገርልህ። አንተ ወርቅ ያየህበት ቦታ እኛ ከአምስት ሺህ በላይ ናጋሳኪ ነው የምናየው።

«ቢሆንም ነዳጅ ነው» አለ። ነዳጅስ ነው። ይነድዳል። እስካሁን ሲነድድ ያየነው ግን የአሜሪካ ግብር ከፋይ ገንዘብ ነው።

እሺ፣ እንዳልከው እናድርግ። 34ቱንም ቶን አንድ አቶም ሳይቀር እናቃጥል። አንድ ግራም ፕሉቶኒየም ተሰንጥቆ ሲያልቅ የአንድ ሜጋዋት የአንድ ቀን ሙቀት ይሰጣል። ብዙ ነው፣ አልክድህም። አሁን ደምረው። አሜሪካ 94 ማብላያዎች አሏት። ሙሉው 34 ቶን ተሟጥጦ ቢነድ እነሱን የሚያቆያቸው አራት ወር ገደማ ነው። አራት ወር! በዚያ ላይ አንድ ዙር ማብላያ የገባ ፕሉቶኒየም ሁሉ አይነድም፤ ብዙው ሳይነድ ይወጣል። ዓለምን ለዘላለም የምታበራ መስለህ መጥተህ፣ በመስከረም ያበራኸው አምፖል ጥር ላይ ጠፋብህ።

«በነጻ የተገኘ ነው እኮ!» አለ። ስማ አይባክን፣ ይሄ በነጻ የተሰጠህ ሰንጋ ነው። ለማረድ የታሸገ ክፍል ይፈልጋል። ለመበለት ከግድግዳ ጋር የተገጠመ ጓንት ይፈልጋል። ሥጋው የሚያድረው የታጠቀ ዘበኛ ቆሞለት ነው። አጥንቱ ደግሞ ግማሹ እስኪጠፋ ብቻ 24,110 ዓመት ይፈጃል። እናንተ ዳር የቆማችሁ፣ እዚህ ቅርጫ የሚገባ አለ? አየህ፣ ማንም እጁን አላወጣም።

የዩራኒየም ነዳጅ ስትሠራ ሠራተኛው በተራ ጓንት ይነካዋል። የፕሉቶኒየም ትቢያ ግን ሳንባ ከገባ አይወጣም፤ ተቀምጦ ዕድሜ ይቆጥራል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በታሸገ ሳጥን ውስጥ ነው፤ መፍጨቱም፣ መቀላቀሉም፣ እንክብል መጋገሩም። ከዩራኒየም ጋር ተቀላቅሎ ሲያልቅ ሞክስ ይሉታል። እንግዲህ ይህ ሞክስ፣ የፕሉቶኒየሙ ዋጋ ዜሮ ሆኖ ቢታሰብ እንኳ፣ ከተራው የዩራኒየም ነዳጅ ይወደዳል። ጥሬ ዕቃው በነጻ፣ ዕቃው በእሳት ዋጋ! ዩራኒየም ገበያ ላይ ሞልቶ ሳለ ወደዚህ መሮጥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

«የምትለው በወሬ ነው፣ ማን ሞክሮት ያውቃል?» አለ። አንተዬ፣ ሞክስ ብለህ ሞክሩ ማለትህ ነው? ሞክረዋል! ደቡብ ካሮላይና፣ ሳቫና ወንዝ ዳር፣ ኤይከን ከተማ አጠገብ። የፈረንሳዮችን ፋብሪካ አብነት አድርገው በነሐሴ 2007 ግንባታ ጀመሩ። 4.8 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል አሉ። በ2016 ሥራ ይጀምራል አሉ። ዲዛይኑ ሳያልቅ ኮንክሪቱን ማፍሰስ ጀመሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ተፈታ። ሥራ ይጀምራል የተባለው 2016 ሲደርስ የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሒሳብ ይዞ መጣ፤ 17.2 ቢሊዮን ዶላር፣ ማለቂያውም 2048። ልብ በሉ፣ ዘጠኝ ዓመት ሠርተው ሠላሳ ሁለት ዓመት ቀራቸው! በቀረቡት ቁጥር የሚሸሽ ፋብሪካ ያየነው ያኔ ነው። ተቋራጩ «70 በመቶው አልቋል» እያለ ይምል ነበር። ማለቁንስ አልቋል፤ ያለቀው ግን ገንዘቡ ነው። በጥቅምት 2018 ውሉ ተሰረዘ። ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶ አንዲት እንክብል አልወጣችም። ማብላያው ፕሉቶኒየሙን ሳይቀምስ ፋብሪካው ብሩን በላ።

ገዢስ ነበረው? ይህን ጠይቀህ ታውቃለህ? በ2004 ጥቂት ፕሉቶኒየም በታጠቁ መርከቦች ከቻርልስተን ወደብ ተጭኖ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። እዚያ አራት የነዳጅ እስሮች ተሠሩና ተመልሰው መጡ። በ2005 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ባለው ካታውባ በተባለው ማብላያ ገቡ። ሦስት ዙር ሊቆዩ ነበር። ከሁለት ዙር በኋላ ሲለኩ ከተጠበቀው በላይ ረዝመው ተገኙ። ወጡ። ሦስተኛው ዙር ቀረ። ጥፋቱ የብረቱ እንጂ የፕሉቶኒየሙ አልነበረም፤ ይህን ለአንተ ስል እናገራለሁ። ግን ነገሩ ያው ነው፤ ነዳጁ ረዘመ፣ ሙከራው አጠረ። ማብላያውን የሚያስተዳድረው የኤሌክትሪክ ኩባንያም ሞክስ የመግዣ ውሉን ሳያድስ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ቢሊዮን ሲፈስ የነበረው «እኔ እገዛለሁ» ብሎ የፈረመ አንድም ደንበኛ ሳይኖር ነው። ገዢ የሌለው ዕቃ፣ ሠርቶ የማያልቅ ፋብሪካ። አይባክን፣ ባከነብህ!

አሁን ደግሞ የደበቃትን ካርታ ሲመዝ እዩት። «የሩሲያ ቦምብ አሜሪካ ውስጥ መብራት አልሆነም ወይ?» አለ። ሆኗል! ከዚህ ሁሉ ያመጣሃት አንዷ እውነት እሷ ናት፤ ግን አላወቅካትም። ከ1993 እስከ 2013 ድረስ 500 ቶን የሩሲያ የቦምብ ዩራኒየም ነዳጅ ሆኖ በአሜሪካ ከሚበራ አሥር አምፖል አንዱን ሲያበራ ኖሯል። ያስመሰግናል። ግን የነደደው ዩራኒየም ነው፣ ዩ-ራ-ኒ-የም! የቦምብ ዩራኒየም ከተራ ዩራኒየም ጋር ሲቀላቀል ቀጠነ፤ ከቀጠነ ደግሞ በኬሚካል አይለይም፤ ሁለቱም አንድ ንጥረ ነገር ናቸውና። መልሶ ለቦምብ ለማወፈር ሌላ ግዙፍ ፋብሪካ ያስፈልጋል። ፕሉቶኒየም ግን ከዩራኒየም ጋር ብትቀላቅለው ሌላ ዘር ነው፤ ኬሚስቱ ለይቶ ያወጣዋል። ያልነደደ ሞክስ የሰረቀ ሰው የሰረቀው የቦምብ ጥሬ ዕቃ ነው። አንተ ሁለቱን ያምታታሃቸው ስማቸው በ«ኒየም» ስለሚያልቅ ይሆን?

በዚህ ላይ ባህሪውም ይለያል። ማብላያን ከአደጋ የሚጠብቁት አርፋጆች ናቸው፤ ዘግይተው የሚወጡ ኒውትሮኖች። እነሱ ስለሚያረፍዱ ነው ኦፕሬተሩ ጊዜ አግኝቶ የሚቆጣጠረው። ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ከሺህ ኒውትሮን ስድስት ሰባቱ ያረፍዳሉ። ፕሉቶኒየም ግን ከሺህ ሁለት ብቻ። ስለዚህ ለዩራኒየም ተብሎ የተሠራ ማብላያ ሆዱን በሞክስ አይሞላም። ፈረንሳዮች እንኳ ከነዳጁ አንድ ሦስተኛው አካባቢ ላይ ያቆማሉ። ጊዜ የማይሰጥ ነዳጅ ይዘህ፣ አይባክን፣ ምን ያቻኩልሃል?

«አሃ፣ ፈረንሳይን አነሳህ!» አለ ፊቱ በርቶ። እኔም ልትመጣባት ነው ብዬ እየጠበቅኩህ ነበር። አዎ፣ ፈረንሳይ ከ1987 ጀምራ ሞክስ ታነድዳለች። ከኑክሌር ኤሌክትሪኳ ወደ አሥር በመቶ የሚሆነው ከሱ ይመጣል። ሥራውን ያውቁበታል፣ ክብር ይገባቸዋል። አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ። ሞክስ የፕሉቶኒየም ክምርን የሚያጠፋ ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ያነደደችው ፈረንሳይ ያልነደደ ክምሯ ከ80 ቶን በላይ የደረሰው በምን ተዓምር ነው? በአንድ እጅ ታነድዳለች፣ በሌላው እጅ ካገለገለ ነዳጅ እየለየች ታወጣለች። አንዴ የነደደው ሞክስ ደግሞ ከተራው ነዳጅ የባሰ ስለሚግል ላ ሃግ በሚባለው ተቋም ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይቀመጣል። መጥረጊያ ይዛ የምትጠርግ መስሎህ ነበር፤ እሷ ግን እየጠረገች ትበትናለች።

ወደ እንግሊዝ እንሻገር? እንሻገር እንጂ! ሴላፊልድ ላይ ሞክስ ፋብሪካ ተሠራ። በዓመት 120 ቶን ይሠራል ተባለ። 1.4 ቢሊዮን ፓውንድ ወጣበት። በ2011 ይዘጋ ሲባል አሥር ዓመት ሙሉ ያመረተው ሲደመር 13 ቶን ገደማ ሆነ። በራሱ ዕቅድ ሒሳብ የአርባ ቀን ሥራ ነው። አሥር ዓመት ለፍቶ የአርባ ቀን ምርት! የአርባ ቀን ዕድሉ ነዋ!

ከዚያ በፊት የነበረው ትንሹ ፋብሪካ ደግሞ ይብሳል። ሠራተኞቹ የእንክብሎቹን ስፋት አንድ በአንድ ለክተው መመዝገብ ነበረባቸው። መለካቱ ሰለቻቸው። ከድሮው መዝገብ ቁጥር እየገለበጡ አዲሱን ሞሉት። ነዳጁ ባሕር አቋርጦ ጃፓን ታካሃማ ደረሰ። በ1999 ጉዱ ወጣ። ጃፓኖች «ውሰዱልን» አሉ። በ2002 መድፍ የተተከለባቸው ሁለት መርከቦች ሄደው ጭነው መለሱት። ደርሶ መልስ ትኬት የቆረጠ ነዳጅ! አንዲት አምፖል ሳያበራ ግማሽ ዓለም ዞሮ አገሩ ገባ። የኩባንያው አስተዳዳሪ ወንበርም አብሮ ሄደ፤ እሱ ግን አልተመለሰም።

ይህች እንግሊዝ ዛሬ 140 ቶን ገደማ ፕሉቶኒየም አላት፤ ከሲቪል ክምችት በዓለም አንደኛ ናት። ያንተ ወርቅ ወርቅ ከሆነ ከሷ በላይ ባለጸጋ የለም። በጥር 2025 መንግሥቷ ምን ወሰነ? ነዳጅ አይሆንም፤ በጠጣር ነገር ውስጥ ታስሮ ጥልቅ ጉድጓድ ይግባ አለ። ባለቤቷ ትቅበረው ስትል አንተ ማን ሆነህ ነው የምትቆፍረው?

ጃፓንን በአጭሩ ልለፋት፤ ርዝመቷን የሚችል አምድ የለኝም። ሮካሾ ላይ ከ1993 ጀምሮ ፕሉቶኒየም የሚለይ ፋብሪካ እየተሠራ ነው። በ1997 ያልቃል ተብሎ ነበር። ቀኑ ከሃያ ጊዜ በላይ ተራዝሟል። ላም አለኝ በሰማይ! ሞንጁ የሚባለው ፈጣን ማብላያዋ (በፈጣን ኒውትሮን የሚሠራው) ደግሞ በ1995 ሶዲየም አፍስሶ ተቃጠለ። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ የሠራው 250 ቀን ብቻ ነው። በ2016 መጨረሻ ይፍረስ ተባለ። ስሙ የተወሰደው ከቡድሃ እምነት የጥበብ አርማ ነው። ጥበቡ የመጣው ይፍረስ ያሉት ዕለት ነው።

አሁን አይባክን እየሳቀ ነው። ምን እንደያዘ አውቃለሁ። «እሺ፣ መቅበሩስ? ኒው ሜክሲኮ ያለው መቃብራችሁ በ2014 ፈንድቶ የለም? በድመት አሸዋ!» አለ። ሳቁለት፣ እንዳይቀርበት። እውነት ነው። ከካርልስባድ ከተማ ወጣ ብሎ፣ 650 ሜትር ከመሬት በታች፣ ጨው ውስጥ የተቆፈረ የኑክሌር ቆሻሻ መቃብር አለ። ሎስ አላሞስ በሚባለው ቤተ ሙከራ ቆሻሻውን በርሜል ውስጥ ሲያሽጉ ፈሳሹን እንዲመጥ የሚጨመረውን የማዕድን አሸዋ ትተው ከስንዴ የተሠራውን የድመት መጸዳጃ አሸዋ ጨመሩበት። ስንዴውና ቆሻሻው ውስጥ ያለው ናይትሬት ተገናኝተው ጋሉ፣ አንድ በርሜል ተከፈተ፣ ጨረር ወጣ። ነውር ነው፤ ጥፋት ነው፤ የሚቀልድበት ሰው ልክ ነው። ሦስት ዓመት ገደማ ተዘጋ። ከዚያስ? ተጸዳ፣ ተስተካከለ፣ በጥር 2017 ተከፈተ። የእኔ መቃብር ተዘግቶ ተከፈተ፤ ያንተ ፋብሪካ ግን ሳይከፈት ተዘጋ!

ጨው የተመረጠውም በዕጣ አይደለም። ጨው ቀስ እያለ ይፈስሳል፤ የተቆፈረውን ክፍል እሱ ራሱ እየገፋ ይደፍነዋል። ፕሉቶኒየሙ አስቀድሞ ለመለየት አስቸጋሪ ከሆነ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ነው የሚወርደው። ቀመሩ ምሥጢር ነው፤ ሠራተኞቹ የኮከብ አቧራ ይሉታል። «ተቆፍሮ ሊወጣ ይችላል» ትላለህ። ይችላል! 650 ሜትር ጨው ቆፍሮ፣ በርሜሉን ፈልጎ፣ ዱቄቱን አጣርቶ፣ ይህን ሁሉ ማንም ሳያየው የሚያደርግ ሌባ ካገኘህ አስተዋውቀኝ። ዋጋውን ደግሞ በ2018 ራሱ የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ አስልቶታል። በሞክስ መንገድ ለመጨረስ የሚቀረው 49.4 ቢሊዮን ዶላር፤ አደባልቆ ለመቅበር 19.9 ቢሊዮን። ቀሪው 29.5 ቢሊዮን አራት ወር ለማብራት ነው እንዴ? የቀበረ አላፈረም፤ ያፈረው ይከብራል ያለው ነው።

ሳቁ ቆመ አይደል? ገና ነኝ። ሰውዬው ማን እንደሚከፍል ጠይቆ ስለማያውቅ፣ ደቡብ ካሮላይና ምን እንደደረሰባት ልንገረው። በ2002 ፕሉቶኒየሙ ከኮሎራዶ በካሚዮን ሊመጣባት ሲል አገረ ገዢዋ ጂም ሆጅስ ተቆጡ። ፋብሪካው ካልተሠራ ዕቃው እኛ ጋ ሊቀር ነው አሉ። ካስፈለገ መንገድ ላይ እተኛለሁ ብለው ዛቱ! አገረ ገዢ፣ ከነሙሉ ክብራቸው፣ አስፋልት ላይ! የፌዴራል ዳኛ ከለከላቸው። አልተኙም። ካሚዮኖቹ ገቡ። ፕሉቶኒየሙ ግን ተኛ፤ አብዛኛው እስካሁን ተኝቷል። ፋብሪካው ሲሰረዝ የሳቸው ፍርሃት ልክ ሆነ። ግዛቷ ከሰሰች። በ2020 የፌዴራሉ መንግሥት 600 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ታረቀ፤ የቀረውን 9.5 ቶንም እስከ 2037 ላወጣ ብሎ ቃል ገባ። ስማ እንግዲህ፣ አንተ በነጻ የተገኘ ያልከው ዕቃ ስለተቀመጠ ብቻ 600 ሚሊዮን ተከፍሎበታል። ተኝቶ የሚበላ፣ ተነስቶም የሚበላ!

ከዚህ የሚብስ አለ? አለ። ሰብሰብ በሉ። ያ 8 ቢሊዮን ገደማ የፈሰሰበት የሳቫና ወንዝ ሕንጻ ዛሬ ምን ሊሆን እየተሠራ ይመስላችኋል? የቦምብ እምብርት ፋብሪካ! አላሾፍኩም። በ2018 የተወሰነው በዚያው ሕንጻ በዓመት ቢያንስ 50 የፕሉቶኒየም እምብርት እንዲመረት ነው። ግድግዳው የቆመው ቦምብ ወደ መብራት ሊለውጥ ነበር። ሰይፍ ማረሻ ሊሆንበት የታነጸ ቤት ሰይፍ ሊቀጠቀጥበት ነው። ድመቷን ቀድመህ ያመጣሃት አንተ ነህ አይባክን፣ እንግዲህ ስማት፤ ድመት መንኵሳ አመሏን አትረሳ! ፕሉቶኒየም የሚሠራበት አዳራሽ፣ ጠባቂውም፣ ታሽጎ የሚነካበት ሳጥኑም ለነዳጅም ለቦምብም ያገለግላሉ። በነዳጅ ስም የተገነባ ነገር በቦምብ ስም ሊወረስ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ የት ይምጣልህ?

«የድሮውን ተወው!» አለ፤ ላብ በላብ ሆኖ። «በግንቦት 2025 ትራምፕ አዘዋል። መቅበሩ ይቁም፣ ፕሉቶኒየሙ ለአዳዲሶቹ ማብላያዎች ይሰጥ ብለዋል።» አዘዋል፣ አንብቤዋለሁ። አዳዲሶቹ ማብላያዎች የትኞቹ ናቸው? አብዛኞቹ ፈጣን ማብላያዎች ናቸዋ። አሜሪካ ምድር ላይ ኤሌክትሪክ እየሸጠ ያለ አንድ ፈጣን ማብላያ አሳየኝና ልሸነፍልህ። ነዳጁን የሚሠራውን ፋብሪካስ? እሱንም አሳየኝ። ማብላያው ወረቀት ላይ፣ ፋብሪካው ወረቀት ላይ፣ ፕሉቶኒየሙ ብቻ መሬት ላይ! ሩሲያ ቢኤን-800 የሚባለውን ፈጣን ማብላያዋን በ2022 ሙሉ በሙሉ በሞክስ ሞልታዋለች፤ ይህም እውነት ነው። ግን ያቺው ሩሲያ የ34 ቶኑን ስምምነት በ2016 አግዳ በ2025 ጨርሳ ቀዳዋለች። ማብላያው እየሠራ ቃሉ ጠፋ።

የግል ኩባንያ ይረከበው ትላለህ ደግሞ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ 8 ኪሎ ፕሉቶኒየም ከጎደለ አንድ ቦምብ ሊሠራበት ይችላል ብሎ ይቆጥራል። ከ34 ቶን ከሺህ አንዱ ብቻ ቢጎድል 34 ኪሎ ነው፤ አራት ቦምብ። ከሺህ አንድ! ዱቄት እየተፈጨ፣ እየተቀላቀለ፣ በቧንቧ እየሄደ፣ ቅሪቱ በሳጥኑ ጥግ እየተጣበቀ ከሺህ አንድ እንዳይጎድል ቆጥረህ ትይዛለህ? የእንክብል ስፋት መለካት ሰልችቷቸው ቁጥር የገለበጡትን እንግሊዞች ገና ቅድም ነው ያነሳናቸው። በርሜል ውስጥ ታሽጎ የተቀመጠን መቁጠር ግን በርሜሉን መቁጠር ነው። የታሸገውን ፈተህ፣ አገር ላገር አዙረህ፣ በየሳጥኑ በትነህ «እንዳይባክን» ስትል፣ የሚባክነው ነገር ምን እንደሆነ ይገባሃል?

ደግሞ ያን ትዕዛዝ እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል? አላነበብክም፤ አንተ ሁሌ ርዕሱ ላይ ነው የምትቀረው። መቅበሩ ይቁም ይልና ወዲያው አንድ ነገር ነጥሎ ያስቀራል፤ ለደቡብ ካሮላይና የተገባው ሕጋዊ ግዴታ ሲቀር ይላል። ያቺ አገረ ገዢዋ አስፋልት ላይ ሊተኙላት የነበረች ግዛት፣ 600 ሚሊዮን የተቀበለችዋ፣ ዕቃው ከጓሮዋ እስከ 2037 ሊወጣላት የተማለላት። ነዳጅ ነው ብሎ ያዘዘው ወረቀት ራሱ፣ ቀን የተቆረጠለትን ቃል መፈጸም ሲኖርበት የትኛውን መንገድ እንደተወ እና የትኛውን እንዳልተወ እዩልኝ። መቅበሩን ነው ያልተወው አይባክን። መቅበሩን!